ሲካዳን በምን እንለየው? በክንፉ ወይስ በከበሮው?

ጅማ ውስጥ የቡና ጥላ ዛፍ ስር የቆመ ሰው ሲካዳን፣ ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጮኸውን ባለክንፍ ነፍሳት፣ ይሰማዋል እንጂ እምብዛም አያየውም። በእስያ ግን ለዓይን የሚማርኩ አሉ። ጌአና እና ቶሴና በሚባሉት ወገኖች ውስጥ ጥቁር ክንፍ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ፣ አንዳንዴም መቀነት የመሰለ መስመር ይታያል። ታዲያ እነዚህን በቀለም እንመድባቸው ወይስ በአካል አሠራር?

ቀለም ፈጣን ነው። ጥሩ የስልክ ፎቶ ካለ ግምቱ ይጀመራል። ግን ቀለም ሸዋጅ ነው። የአንድ ዝርያ አባላት እርስ በርስ ይለያያሉ፣ የማይዛመዱት ደግሞ ይመሳሰላሉ። ሙዚየም የከረመ ናሙናም ይደበዝዛል።

ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል። ወንዱ ሆዱ መነሻ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሽንትር ያለው ስስ ሽፋን አለው። ጡንቻ ወደ ውስጥ ሲስበው ቀጭ ይላል፤ ይህ በፍጥነት ሲደጋገም ያ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይወጣል። ከበሮው ነው እንግዲህ። ክዳን ያለውና የሌለው መኖሩ ድሮ ትልቅ መለያ ነበር። በኋላ ግን ክዳኑ ብቻውን ዝምድናን በትክክል እንደማያሳይ ታወቀ። ዛሬ ባለሙያዎች የወንዱን መራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ዲኤንኤም ይጨምራሉ።

እኔ ብጠየቅ ጫካ ውስጥ ቀለም ይበቃኛል፤ ስም ለማውጣት ግን በፍጹም። ሴቷ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ከበሮ የላቸውም።