የጉማሬ ቀለም መቀቢያ ወረቀት፦ የትኛው ይሻላል? በምን ይቀባ?

በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡትና ከኢንተርኔት ወርደው የሚታተሙት የጉማሬ ሥዕሎች በሁለት ይከፈላሉ። መስመሩ ወፍራም፣ ሆዱ አንድ ሰፊ ክብ የሆነው ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። የቆዳው እጥፋት፣ ሞገዱና ሣሩ የበዛበት ግን ትንንሾቹን ቶሎ ያሰለቻል።

ትልቁ ድክመት ወረቀቱ ላይ ነው። አብዛኛው 80 ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) ኤ4 ነው፤ ለሰም ከለርና ለከለር እርሳስ ይበቃል። ማርከር ግን ወደ ጀርባው ያልፋል፤ የውኃ ቀለም ሲሆን ደግሞ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ብሩሽ ሲደጋገምበትም ይቀደዳል። ለውኃ ቀለም ቢያንስ 160 ግራም ወረቀት ያስፈልጋል። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመ መስመር ብዙ ጊዜ በውኃ ስለሚፈስ ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ይሻላል።

ጉማሬን ግራጫ ብቻ ማድረግ ያሳዝናል! መላ አካሉን መጀመሪያ በስሱ ሮዝ ይቀቡት፤ ከዚያ ጀርባው ላይ ግራጫና ቡናማ ይደርቡ፤ በዓይኑና በጆሮው ዙሪያ እንዲሁም ሆዱ ላይ ሮዙን ይተዉት። በሰም ከለር ጥቁሩ ከቀደመ ሌላው ቀለም አይዝም፣ ይቆሽሻል።

ከመግዛትዎ በፊት የእግሩን ጣቶች ይቁጠሩ፦ እውነተኛ ጉማሬ በእያንዳንዱ እግሩ 4 ጣት አለው። ዓይን፣ ጆሮና የአፍንጫ ቀዳዳ ከጭንቅላቱ ላይኛ ክፍል ካልተሣሉ፣ ጣና ላይ ጉማሬ ያየ ልጅ «ይሄ እንዴት ውኃ ውስጥ ሆኖ ያያል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ትክክልም ነው።