የተበላሸ የሙዚቃ ፋይል ሄደር ለመጠገን የቱ ፕሮግራም ይሻላል? ንጽጽር

የ4 ደቂቃ ዘፈን ስልካችሁ ላይ 20 ደቂቃ ይላል። ወደ መሃል ስትገፉት ያላሰባችሁት ቦታ ላይ ያርፋል። ወይም የአንድ ሰዓት ስብከት 5 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ይታያል። ወይም የዘፋኙ ስም ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል። ድምፁ ግን ደህና ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሙዚቃው ሳይሆን ሄደሩ ነው። ሄደር ማለት ስለ ፋይሉ የሚናገረው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ የሚቀመጠው መረጃ ነው።

ይህ ይጠገናል፤ ያውም በነፃ። አደጋው ያለው ጥገናው ላይ ነው። ከካሴት የተገለበጠ የቆየ ዘፈን ወይም የቤተሰብ ሰርግ ቅጂ አንዴ ከተበላሸ ሌላ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን ሳነጻጽር ከሁሉ በፊት ያየሁት፣ ጥገናው ቢሳሳት ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል ወይ የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ግን የ20 ደቂቃው ነገር ከየት ይመጣል? ኤምፒ3 ፋይል ትንንሽ ፍሬሞች ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። በተለመደው የ44.1 ኪሎኸርዝ ጥራት አንዱ ፍሬም 26 ሚሊሰከንድ ገደማ ይይዛል። ቢትሬቱ (በየሰከንዱ የሚይዘው የመረጃ መጠን) በሚለዋወጥ ፋይል፣ በተለምዶ ቪቢአር በሚባለው፣ የመጀመሪያው ፍሬም ውስጥ ዚንግ የሚባል ሄደር ይቀመጣል። በጠቅላላው ስንት ፍሬም እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። እሱ ከጠፋ አንዳንድ ማጫወቻ የመጀመሪያውን ፍሬም ብቻ አይቶ ይገምታል። ፋይላችሁ 4.8 ሜጋባይት ነው እንበል። አማካይ ቢትሬቱ በሰከንድ 160 ኪሎቢት ነው፤ ትክክለኛ ርዝመቱም 4 ደቂቃ። ዘፈኑ በዝምታ ስለሚጀምር ግን የመጀመሪያው ፍሬም 32 ነው። ማጫወቻው ሁሉንም በ32 ያሰላና 20 ደቂቃ ብሎት ያርፋል። የስብከቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙ ፋይል ዝም ብሎ ሲቀጣጠል የመጀመሪያው ቁራጭ ሄደር ለሁሉም ይቆጠራል።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሁለት ፕሮግራሞች ይፎካከራሉ፤ ኤምፒ3ቫል እና ፉባር2000። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሁለቱም ድምፁን እንደገና አይጨምቁትም፣ ስለዚህ ጥራት አይቀንስም።

ኤምፒ3ቫል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በመስኮትም ይሠራል። ፎልደሩን ትሰጡታላችሁ፣ ይፈትሻል፣ ችግር ያለባቸውን ይለያል። እስክታዙት ድረስ አይነካም። ጠግን ስትሉት ደግሞ የቀድሞውን ፋይል ባክ የሚል ቅጥያ ሰጥቶ እዚያው አጠገቡ ያስቀምጥላችኋል። ይህን ሳትጠይቁት ነው የሚያደርገው። ለእኔ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ይሄ ነው። ጉድለቱ መልኩ ያረጀ መሆኑና ለብዙ ዓመታት አለመታደሱ ነው። ደግሞም አሮጌዎቹ ፋይሎች ስለሚቀመጡ ዲስክ ላይ ቦታ ይበላል። አዲሱን ሰምታችሁ ሳታረጋግጡ አሮጌውን አታጥፉ።

ፉባር2000 ከዚያ ሰፊ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ የዊንዶውስ ማጫወቻ ሲሆን በዘፈኑ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ የመገልገያዎች ዝርዝር ውስጥ የቪቢአር ሄደር ማስተካከያ ታገኛላችሁ። እዚያው የኤምፒ3 ስትሪሙን፣ ማለትም የፍሬሞቹን ሰንሰለት፣ እንደገና የሚገነባ ሌላ ትዕዛዝም አለ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው፤ የተበላሹ ፍሬሞችን ሊጥል ይችላል። ሁለቱም እዚያው ፋይሉ ላይ ይጽፋሉ፤ ቅጂ አያስቀሩም። ስለዚህ ፉባር ላይ ኮፒ ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ።

ታዲያ ለምን አነሳሁት? ማረጋገጫው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ነው። በተጨማሪ የሚወርዱ ሁለት የራሱ ክፍሎች አሉት። አንዱ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አጫውቶ ስህተት መኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው ሁለት ፋይሎችን ወስዶ የሚወጣው ድምፅ አንድ መሆን አለመሆኑን ያወዳድራል። ከጥገና በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። ስለዚህ የኔ ምርጫ ቅልቅል ነው፤ ጥገናው በኤምፒ3ቫል፣ ማረጋገጡ በፉባር። አንድ ዘፈን ሳይቋረጥ ወደ ሌላው የሚያልፍበት የመድረክ አልበም ካላችሁ ግን መገናኛዎቹን በጆሯችሁ ስሙ። የዘፈኑን መነሻና መድረሻ በትክክል የሚያመለክተው መረጃ እዚያው የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ስለሚቀመጥ በጥገና ሊጠፋ ይችላል።

ኤምፒ3 ዳያግስም ነፃ ነው፤ ዊንዶውስና ሊነክስ ላይ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ብዙ ያያል፣ የቀድሞው ፋይል የት እንደሚቀመጥም ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ችግሩ በጣም ያወራል። የአልበም ምስል የለም፣ ጥራቱ ዝቅተኛ ነው፣ ሁሉንም ይመዘግባል። ለጀማሪ ሙሉ ስብስቡ የታመመ ይመስለዋል። በሺህ የሚቆጠር ፋይል ላላቸውና ትዕግሥት ላላቸው እንጂ ለአሥር ዘፈን አይመከርም።

አሁን ወደ አማርኛው ጣጣ። እዚህ ላይ ኤምፒ3ታግ ተወዳዳሪ የለውም። ታግ የሚባለውን፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የዘፈኑን ርዕስ፣ የዘፋኙንና የአልበሙን ስም የሚያስተካክል ነው። ዊንዶውስ ላይ ነፃ፣ ማክ ላይ የሚከፈልበት ነው። ማክ ላይ መክፈል ካልፈለጋችሁ ኪድ3 የሚባል ነፃ አለ፤ ሥራውን ይሠራል፣ አያያዙ ግን ትንሽ ያስቸግራል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የምታዩትን ለዩ። ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ ፋይሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። የመኪና ቴፕ ላይ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት፣ ስልክ ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ካያችሁ ፋይሉን ተዉት። ለመኪናው ብላችሁ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ፣ ታጉን በአማርኛ አቆዩት።

ኮምፒውተሩም ስልኩም ላይ ተመሳሳይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመ ከመጣ ደስ ይበላችሁ። ያ አማርኛ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ፊደል አድርጎ ስላነበበው ነው እንደዚያ የሆነው። መረጃው አልጠፋም። ኤምፒ3ታግ የኮድ ገጽ መቀየሪያ አለው፤ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ስትመልሱት ስሙ ይመጣል። አንድ ዘፈን ላይ ሞክሩ፣ ከሠራ ሙሉ አልበሙን አስከትሉ።

ሁሉም ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነስ? ያ ጠፍቷል። አማርኛ በማይችል ኮድ ስለተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቷል። የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ በእጅ መጻፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየራሳቸው ኮድ በሚሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ታግም ብዙውን ጊዜ ዕጣው ያው ነው።

አዲስ ስትጽፉ ኤምፒ3ታግ አማራጮች ውስጥ ገብታችሁ የታጉ ዓይነት አይዲ3 2.3 በዩቲኤፍ-16 መሆኑን እዩ። ብዙ ማጫወቻ የሚያነበው እሱን ነው። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው አሮጌው አይዲ3 1 ለአማርኛ አልተሠራም። ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው ያለው፤ ማለትም በዩቲኤፍ-8 እንኳ አሥር ፊደል። «ትዝታ» ይገባል፣ ረዘም ያለ የመዝሙር ርዕስ አይገባም። የኤምፒ3ታግ ድክመት ስታስቀምጡ እዚያው ፋይሉ ላይ መጻፉ ነው። መልስ የሚል ትዕዛዝ አለው፤ ፕሮግራሙን ከዘጋችሁ በኋላ ግን አትቁጠሩበት።

ፒካርድም ብዙ ይወደሳል። ድምፁን ሰምቶ ዘፈኑን ከሚዩዚክብሬንዝ የመረጃ ቋት ይፈልጋል፤ ነፃ ነው። ውጭ አገር በሲዲ እንደገና ለታተሙ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ደህና ነው። ለሰፈር ካሴትና ለመዝሙር ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በአማርኛ የጻፋችሁትንም በላቲን ሊተካው ይችላል፤ ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን አስተያዩ።

በገንዘብ የሚሸጡትስ? ኤምፒ3 እንጠግናለን የሚሉ ብዙ አሉ። ለዚንግ ሄደርና ለታግ አንድ ብር አታውጡ። የጠፋ ድምፅ እንመልሳለን ካሉ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የሌለን ነገር ማንም አያመጣውም። ኤምፒ3ውን ወደ ኤምፒ3 እንደገና መቀየርን ጥገና ብለው የሚያቀርቡም አሉ። ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ግን በየዙሩ ጥራት ይቀንሳል። ሽሹት።

ገንዘባችሁን ለባክአፕ አውጡት። 10,000 ዘፈን በአማካይ 5 ሜጋባይት ቢሆን 50 ጊጋባይት ነው፤ ትክክለኛ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። ገበያው ላይ መጠኑን የሚዋሽ ፍላሽ ስላለ፣ ኮፒው ካለቀ በኋላ ያንኑ የፉባር ማረጋገጫ ፍላሹ ላይ ባሉት ፋይሎች አስኪዱት። ጥገናውን ከዚያ ጀምሩ።

ካሴት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጣችሁ መብራት ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ዌቭ ፋይሉ ቦታ ይዟል፣ ግን አይከፈትም ወይም ዜሮ ሰከንድ ይላል። ሄደሩ ውስጥ ርዝመቱ ሳይሞላ ስለቀረ ነው። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፤ ኢምፖርት ውስጥ ሮው ዳታ የሚለውን ምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ 16 ቢት፣ ሁለት ቻናል፣ 44100፣ መነሻው 44 ባይት ነው፤ የተለመደው የዌቭ ሄደር 44 ባይት ስለሆነ። ድምፁ በግማሽ ፍጥነት ወይም በእጥፍ ከሄደ የቻናሉን ቁጥር ቀይሩ። ሹሹታ ብቻ ከሆነ ቢቱን ወይም መነሻውን ቀይሩ። ዋናውን ፋይል አይነካም፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ ሞክሩ።

የስልክ ቅጂ፣ ኤም4ኤ የሚባለው፣ ባትሪ አልቆ ከተቋረጠ ከሁሉም ይከብዳል። የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ሳይጻፍ ይቀራል። አንትራንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በዚያው ስልክ የተቀዳ ሌላ ጤነኛ ፋይል እንደ ናሙና ወስዶ ማውጫውን ይሠራል፤ አጠቃቀሙ ግን ለለመደ ሰው ነው። መክፈል ትርጉም ሊኖረው የሚችለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የተጠገነውን ድምፅ ቀድሞ ካሰማችሁ፣ ከዚያ ገንዘብ ከጠየቀ። ናሙና የሚሆነውን ፋይል ከስልኩ ላይ አታጥፉ።