የልጄን ክርንም ጾምም ለጠበቁልኝ አሰልጣኝ

ሰላም ለሁላችሁም። በተለይ ልጆቻችሁ ቤዝቦል የሚጫወቱ ወገኖቼ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው የቆየሁት ምስጋና ነው።

የማመሰግናቸው ሰው የአንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ ማለት ነው) የቤዝቦል ዋና አሰልጣኝ ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ይላሉ። ስለዚህ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ኮች» እላቸዋለሁ። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ያየነውን አበሳ ልንገራችሁ።

ልጄ ግራኝ ነው። ሕፃን ሆኖ ማንኪያውን በግራ ሲይዝ እጁን መታ እያደረግኩ ወደ ቀኝ አዞርበት ነበር። እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው። እሱ ግን እንቢ አለ። ሰባት ዓመት ሲሞላው የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ አይቶ ቤዝቦል ገባ። እኔ ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም ነበር። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ሊጠይቁን ከአገር ቤት መጥተው አንድ ቀን ሜዳ ዳር ተቀምጠው አዩትና «ይሄማ ገና ነው፤ ዱላና ሩር አይደል እንዴ!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እንደዚያው ነው የማየው።

ትንሽ ከፍ ሲል ግራኝ ፒቸር፣ ማለትም ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች፣ ብርቅ ነው ተባልን። ብርቅ ነው ያለን ሁሉ ግን ገንዘብ ጠየቀን። አንድ የግል ቡድን ገባ። በየወሩ ክፍያ፣ ለማሊያ ክፍያ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ስቴት እየሄዱ ለሆቴል ክፍያ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ሌሊት ገብቼ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሺፍት እደርብ ነበር። እዚያ የነበረው ሰውዬ ልጄን ቅዳሜ አስወርውሮት እሁድ እንደገና ያስወረውረው ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። «ክርኔን አመመኝ» ሲል «በረዶ ያዝበት» ይሉታል። እኔ ስጠይቅ «ዛሬ የሚያየው ሰው አለ፣ ዕድሉን አትዝጊበት» አሉኝ። ዕድሉን እንዳልዘጋበት ፈርቼ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ደግሞ ኮሌጅ አስገባለሁ የሚል ሌላ ሰው መጣ። ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ለአሰልጣኞች እልካለሁ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አመጣለሁ አለን። ለመኪናዬ ጥገና ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ሰጠሁት። ዓመት አለፈ፣ አንድ ኮሌጅ አልደወለም። ስደውል ስልክ አያነሳም። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ።

ስለ ኮች የነገረችኝ ደብራችን ውስጥ ያለች አንዲት እናት ናት። ልጇ እሳቸው ጋ ተጫውቶ ዛሬ መምህር ሆኗል። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሜዳው ላይ አንድ ሰው በትንሽ ትራክተር ሣር ያጭዳሉ። ቀርቤ ዋና አሰልጣኙን የት እንደማገኝ ጠየቅኳቸው። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና «እኔ ነኝ» አሉኝ።

እስቲ ወርውር አሉት። አሥር እንኳ ሳይወረውር እጃቸውን አነሱና አስቆሙት። እኔ ልቤ ቀጥ አለ፣ አልወደዱትም ብዬ። ምንም አላሉም። የታሸገ ውሃ ከመኪናቸው አምጥተው ሰጡት። ልጄ ከፍቶ ጠጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው «ግራኝ ልጅ ክዳን በቀኝ እጁ ሲከፍት አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ እናቱ ነኝ። በየቀኑ ማዕድ የማቀርብለት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተቆጥቼ ያላመጣሁትን ቀኝ እጅ ሕመሙ አምጥቶታል፣ እኔ ግን አላየሁም። እሳቸው በአሥር ደቂቃ አዩት። ልጄም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ወራት ሙሉ እንደደበቀኝ ነገረኝ። የከፈልኩት ገንዘብ እንዳይባክን ብሎ ነው።

ሐኪም ቤት የላኩን እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ስለ ጅማቱ ብዙ ነገር ነገረኝ፣ ሥዕልም አሳየኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ዕረፍት ካገኘ ቀዶ ጥገና እንደማያስፈልገው ነው። ኮች የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ጨዋታ ላይ እንኳ እንዲወረውር አላደረጉትም። የዚያን ዓመት ፒቸር አጥሯቸው ነበር፤ ስንት ጨዋታ እንደተሸነፉ ልጄ ነው ኋላ የነገረኝ። እሱ ግን ከቡድኑ አልወጣም። ደብተር ይዞ ከጎናቸው ተቀምጦ እያንዳንዷን ውርወራ ይመዘግብ ነበር። ሐኪም ጋ በሄድን ቁጥር ማታ ይደውሉልኛል። በረዶ ያዝበት ሲሉኝ ከነበሩት ሰዎች ጋር ሳወዳድረው እንባዬ ይመጣል።

ስለ ገንዘብም እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» እየተባለ የሚሸጥልን ወሬ ምን እንደሆነ አስረዱኝ። እስከ 2025 ድረስ ዲቪዥን ዋን በሚባሉት ትልልቅ ኮሌጆች እንኳ አንድ የቤዝቦል ቡድን መስጠት የሚፈቀድለት የ11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ብቻ ነበር። ያንን ለብዙ ልጆች ይሸነሽኑት ነበር። ታዲያ ሙሉ የሚያገኘው ስንቱ ነበር? አሁን ደንቡ ተቀይሮ በብዙ ኮሌጆች በስኮላርሺፑ ፈንታ የተጫዋቹ ቁጥር በ34 ተገድቧል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ኮች «እኔ የምሰጠው ብዙ ገንዘብ የለኝም። እዚህ ሁለት ዓመት በርካሽ ይማር፣ እጁ ይዳን፣ ውጤቱን ያስተካክል፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ይሄን ነው በተለይ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

የኮሌጅ ቤዝቦል የሚጀምረው በየካቲት ነው፤ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ መሃሉ ላይ ይወድቃል። ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጾማል፤ እኔ አላስገደድኩትም። በሁለተኛው ዓመት መወርወር እንደጀመረ አንድ ማክሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። ኮች ናቸው። ክርኑ መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። «እጁ ደህና ነው። ግን ጉልበቱ ከዳው። ቫን ውስጥ ሁሉም በርገር ሲበላ እሱ ውሃ ብቻ ይጠጣል። ስጠይቀው አልራበኝም ይለኛል። እምነቱ ከሆነ ላከብርለት እፈልጋለሁ፤ ምን እንደሚበላ ይንገሩኝ» አሉኝ።

ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም አልኳቸው። አንድ በአንድ ሲጽፉ በስልክ ይሰማኛል። «ኦቾሎኒ?» አሉ። ይቻላል። «ባቄላና ሩዝ?» ይቻላል። «ዳቦውስ?» ወተት እንደሌለበት ጀርባውን አንብቡ አልኳቸው። «እስከ ስንት ቀን?» ሲሉ 55 ቀን መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ፋሲካ መቼ ነው?» ብለው ቀኑን ጻፉ።

ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ቫኑ ውስጥ ለልጄ ለብቻው አንድ ትንሽ ሳጥን ይቀመጥለታል። ክዳኑ ላይ በቴፕ ስሙ ተጽፏል። ኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ባቄላና ሩዝ። ከነጋ ሳይበላ የሚውልባቸውን ቀኖች ደግሞ ልጄን ጠይቀው ልምምዱን ያቀሉለታል። በስቅለት ዕለት ደግሞ ጨዋታ ነበራቸው። ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለብኝ ለማለት ፈርቶ ሳለ እሳቸው ቀድመው «ዛሬ ቀኑ ነው አይደል? ሂድ» አሉት። ስግደት ላይ አጠገቤ ሲቆም አላመንኩም። እኔ በገዛ ሥራዬ ያን ቀን ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለምኛለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። ሜዳ ዳር ቆመው በእንጀራ በሉ።

አንድ ቀን ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት ተጠልለን ሳለ ስለራሳቸው ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ኮሌጅ ተጫውተዋል፤ ትልቁ ሊግ ግን አልደረሱም። አሰልጣኝነትን የጀመሩት ያለ ደመወዝ ነው። እስከ 2023 ድረስ በዲቪዥን ዋን ቤዝቦል አንዱ ረዳት አሰልጣኝ በጎ ፈቃደኛ ተብሎ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበር። ኮች አራት ዓመት እንደዚያ ሠርተዋል። ቀን ሜዳ፣ ሌሊት መጋዘን ዕቃ መጫን። ይሄን ሲሉኝ የራሴ የሌሊት ሥራ ትዝ አለኝ። ዋና አሰልጣኝ ከሆኑ በኋላም ሣሩን የሚያጭዱት፣ አፈሩን የሚያስተካክሉት፣ ቫኑን የሚነዱት፣ ማሊያውን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ልጅ ክፍል ሲቀር መምህሩ ጋ ሄደው የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው።

ቢሯቸው ውስጥ ዋንጫ አላየሁም። ያለው አንድ ወፍራም ደብተር ነው። ያሠለጠኑት ልጅ ሁሉ ስሙ አለበት፤ ከጎኑ የት እንደደረሰ ተጽፏል። ነርስ፣ ፖሊስ፣ መካኒክ፣ መምህር። ልጄ ስለ ማይክ ማርቲን ያወራኝ ያኔ ነው። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የቤዝቦል ቡድን ከ1980 እስከ 2019 አርባ ዓመት ያሠለጠኑ፣ 2,029 ጨዋታ ያሸነፉ ሰው ነበሩ። የኮሌጆች የመጨረሻ ውድድር በሚደረግባት ኦማሃ ቡድናቸው 17 ጊዜ ደርሷል፤ ዋንጫውን ግን አንድ ጊዜም አላነሱም። እንደዚያም ሆኖ ስማቸው በክብር ይነሳል። ልጄ ይሄን ሲነግረኝ ዓይኖቼ ደብተሩ ላይ ነበሩ።

ባለፈው ወር ልጄ የአራት ዓመት ኮሌጅ ተቀበለው። ከፊሉን ገንዘብ ኮሌጁ ይሸፍንለታል። ደብዳቤ የጻፉለት፣ አሰልጣኙ ጋ ደውለው «ይሄን ልጅ ሁለት ቀን አከታትለህ እንዳታስወረውረው» ያሉት ኮች ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ በጆሮዬ ሰማሁ።

ኮች፣ ይሄን ልጄ ያነብልዎታል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የልጅ ልጅ ያሳይዎት።

እናንተም ወገኖቼ፣ ቃል ለሚሸጥላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ልጃችሁ «አመመኝ» ካለ እመኑት። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው ብላችሁም አትናቁ። እሳቸው ጋ ውሰዱት፣ እደግመዋለሁ፣ እሳቸው ጋ ውሰዱት። አዲስ ልጆችን የሚያዩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለማየት አያስከፍሉም። ሜዳው ላይ ሣር የሚያጭድ ሰው ካያችሁ እሳቸው ናቸው።