«የትም ይገባልሃል» የተባልኩት ኦል ዊል ድራይቭ አሸዋ ላይ

ሻጩ «ኦል ዊል ነው፣ የትም ይገባልሃል» ነበር ያለኝ፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል ለማለት። ያንን ሰውዬ አንድ ቀን ጎኔ አስቀምጬ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይዤው ብገባ ደስታዬ ነው፣ ምክንያቱም መኪናውን በነዳሁባቸው ወራት ያቃጠለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የኋላ ጎማዎቹ በጣም በምፈልጋቸው ሰዓት ሥራ ያቆማሉ።

ባሕር ዳርቻ ሄደህ ከውሃው ራቅ ያለው፣ ደረቁና ዱቄት የመሰለው አሸዋ ላይ ትገባለህ፣ መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፣ ከዛ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ግን እየወረደ ይመጣል፣ መሪው ይከብዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ዳሽቦርዱ ላይ የኋላው ሲስተም ሞቋል የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። በቃ። ከዛች ሰዓት ጀምሮ የምትነዳው የፊት ጎማው ብቻ የሚጎትት መኪና ነው፣ ያውም እስከ ሆዱ ሊቀበር ትንሽ የቀረው። ሞተር ሳታጠፋ ቆመህ እስኪበርድ መጠበቅ ነው ያለህ ምርጫ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደኔ ዓይነቶቹ መኪኖች ላይ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፊት ጎማ ነው፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ጋ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ ፍሪሲዮን አለች፣ የፊቱ ሲንሸራተት እሷ ትጨመቅና ለኋላው ታካፍላለች። ዝናብ ላይ ወይ ጭቃ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ስለምትሠራ ምንም አትሆንም። አሸዋ ግን የሰከንድ ጉዳይ አይደለም፣ ያለ ዕረፍት ይጎትታል፣ ፍሪሲዮኗ እየተፋተገች ትሞቃለች፣ ኮምፒውተሩም እንዳትቃጠል ይለቃታል። ኮምፒውተሩን አልወቅስም፣ ሥራውን ነው የሠራው። የምወቅሰው «የትም» ያለኝን ነው።

«የአሸዋ ሞድ አለው እኮ!» ይለኛል ሻጩ (በሐሳቤ ሁሌ እንከራከራለን)። አለው፣ ማን የለውም አለ? ማዞሪያውን ወደ አሸዋው ስታመጣ ነዳጅ አሰጣጡን ይቀይርልሃል፣ ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን) ያላላልሃል፣ ፍሪሲዮኗን ግን አያሳድጋትም፣ ሎው ማርሽም (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚያበዛውን) አይጨምርልህም። «ኤሌክትሮኒክሱ ሎውን ይተካል» ካለኝ ደግሞ አካፋውን አቀብለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን መኪናው አሸዋ ላይ የሚረባ ነገር ሆኖ የተገኘው በማዞሪያው ሳይሆን በጎማ ነፋስ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 18 አወርደዋለሁ። የቫልቩን መርፌ በቁልፍ ጫፍ ጫን አድርጌ ፊሽ እያለ ሲወጣ የጎማው ሆድ መሬት ላይ ተኝቶ ይለጠጣል፣ ሰው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል፣ የበለጠ የሚጨምረው ግን ርዝመቱ ነው፣ ለዛ ነው መቆፈር ትቶ ላዩ ላይ የሚሄደው። ጎማው ብዙ ካልቆፈረ ያቺ ፍሪሲዮንም ቶሎ አትሞቅም። በዚህ ነፋስ ግን መሪ በኃይል አትጠምዝዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል፣ አስፋልት ከመውጣትህ በፊትም ሞልተኸው ውጣ፣ ስለዚህ ኮምፕረሰር ሳትይዝ ነፋስ እንዳታስወጣ።

ትራክሽን ኮንትሮሉንም ሙሉ በሙሉ አጥፋው፣ ብዙ መኪና ላይ በተኑን አንዴ ነካ ብታደርገው ግማሹን ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ መብራቱ እስኪበራ ተጭነህ ቆይ። ካላጠፋኸው ጎማ በተንሸራተተ ቁጥር ጉልበት ይቀንስብሃል፣ አሸዋ ላይ ደግሞ ጉልበት ሲቀንስ ቆምክ ማለት ነው። ስትቆምም ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ለቀህ ራሱ ይቁም፣ ፍሬን ከጎማው ፊት አሸዋ ይከምራል፣ ከዛ መነሳት ፈተና ነው። ፊቱ ወደ ቁልቁል እንዲሆን አድርገህ ብታቆም ደግሞ የተሻለ። የጨው ውሃ የነካውን ሥሩን ማጠብ ምናምን የታወቀ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርጌም ደረቁ አሸዋ ከረዘመ ያቺ ማስጠንቀቂያ ትመጣለች። ጂምኒ (ትንሿን የሱዙኪ ጂፕ) የያዘ ሰው አጠገቤ ሲያልፍ የሚሰማኝን አልናገርም፣ ባለ 3 በሩ ከ1,200 ኪሎ በታች ነው፣ ሎው አለው፣ ፎር ዊል ሲያስገባ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራል፣ የምትሞቅ ፍሪሲዮን የለችውም። በእርግጥ ከተማ ውስጥና ረጅም መንገድ ላይ የኔው ይሻላል፣ ቤተሰብም ዕቃም ይይዛል፣ ውሃው ትቶት የሄደው እርጥብና ጠንካራ አሸዋ ላይም ሽር ብትን ነው። ስለዚህ አልሸጠውም። ዛሬ አልሸጠውም ልበል፣ ባለፈው ስቆፍር ሳለ ብትጠይቁኝ በነፃ እሰጣችሁ ነበር።

ለባሕር ዳርቻ ብሎ ሊገዛ የሚያስብ ካለ ግን ሎው አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የለውም ካሉና አሁንም ዓይናችሁ ካረፈበት ለሙከራ ስትነዱት አስፋልት ላይ አንዴ ዞራችሁ አትመለሱ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አስገቡት፣ ሻጩን ይዛችሁ፣ አካፋም ይዛችሁ፣ ዳሽቦርዱ ምን እንደሚል አብራችሁ እዩት።