ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ለአማተር ሬዲዮ የቱን ቶሮይድ ልግዛ?

የመጀመሪያውን የ7 ሜጋኸርዝ ማጣሪያዬን የሠራሁት ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በነቀልኩት ቀለበት ነበር፤ ቶሮይድ የሚባለው ሽቦ የሚጠመጠምበት ኮር ማለት ነው። ንድፉ ቢጫ ኮር ይላል፣ እጄ ላይ ያለውም ቢጫ ነው። ጠመጠምኩ፣ በየድኩ፣ ማስተላለፊያውን አበራሁ። ወደ አንቴናው መሄድ የነበረበት ኃይል ቀለበቱ ውስጥ ቀረ። በጣቴ ስነካው ይፋጃል።

አገላብጬ ሳየው አንዱ ጎኑ ነጭ ነው። ቢጫና ነጭ ማለት ሚክስ 26 የሚባለው የቁስ ዓይነት ነው። ፐርሚያቢሊቲው፣ ማለትም መግነጢሳዊ መስክን የማጠናከር አቅሙ፣ 75 ሲሆን የተሠራው ለፓወር ሰፕላይ ነው። እኔ የምፈልገው ቢጫ ግን ሚክስ 6 ነበር፤ የሱ ፐርሚያቢሊቲ 8.5 ነው። ሁለቱም የብረት ዱቄት፣ ሁለቱም ቢጫ፣ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ግን ጨርሶ አይተካኩም። እናንተ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቀለም እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

የብረት ዱቄት ወይስ ፌራይት?

የብረት ዱቄት ኮር ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተለብጠው፣ ከዚያ ተጨምቀው የሚሠራ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ፐርሚያቢሊቲውን ዝቅ ያደርገዋል። ኮሩ ግን የረጋ ይሆናል፤ ሙቀትም ኃይልም ሲጨምር ኢንዳክታንሱ (ጥቅሉ በመግነጢሳዊ መስክ ኃይል የማጠራቀም አቅሙ፣ በማይክሮሄንሪ የሚለካው) ብዙ አይነቃነቅም። ፌራይት ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ከኒኬልና ዚንክ ወይም ከማንጋኒዝና ዚንክ ጋር ተደባልቆ እንደ ሸክላ በእሳት የበሰለ ነው። በጥቂት ዙር ብዙ ኢንዳክታንስ ይሰጣል፣ ነገር ግን ከሙቀትና ከፍሪኩዌንሲ ጋር ይለዋወጣል።

ስለዚህ ልኩ የታወቀ ኢንዳክታንስ ለሚፈልግ ሥራ፣ ለማጣሪያና ለኦሲሌተር (ፍሪኩዌንሲውን ለሚፈጥረው ክፍል)፣ የብረት ዱቄት ግዙ። ለትራንስፎርመርና ለቾክ (ያልተፈለገ ከረንት ለሚያፍነው ጥቅል) ፌራይት ይሻላል።

ስማቸውን ማንበብ ቀላል ነው። ቲ50-2 ሲባል ቲ የብረት ዱቄት ቶሮይድ ነው። 50 የውጭ ስፋቱ በኢንች መቶኛ ነው፤ ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊሜትር። 2 ሚክሱ ነው። ኤፍቲ ብሎ ከጀመረ ፌራይት ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ) ማጣሪያ 1.4 ማይክሮሄንሪ ያስፈልገናል እንበል። የቲ50-2 ኤኤል 49 ነው፤ 100 ዙር 49 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል ማለት ነው። 1.4ን ለ49 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ100 አባዙ። 16.9 ይመጣል፤ 17 ዙር ጠምጥሙ። 35 ሳንቲሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል። ልኩ ትንሽ ከሳተ ዙሮቹን በጥፍር ጠጋ ወይም ራቅ ማድረግ ነው።

አሁን ይህንኑ በኤፍቲ50-43 ሞክሩት። አንድ ዙር ግማሽ ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው፣ ሁለት ዙር ወደ 2 ይጠጋል። 1.4 መሃል ላይ ቀረ። ዙር ደግሞ ግማሽ የለውም፤ ሽቦው በቀዳዳው ባለፈ ቁጥር አንድ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ቀጥ ብሎ አንዴ ያለፈ ሽቦም አንድ ዙር ነው። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህች ላይ ነው።

ቀዩ ወይስ ቢጫው?

ቀዩ ሚክስ 2 ነው። ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠራ ማጣሪያ እሱን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ፣ ለ20 ሜትር (14 ሜጋኸርዝ) እና በፍሪኩዌንሲ ከዚያ በላይ ላሉት ባንዶች፣ ቢጫው ሚክስ 6 ይሻላል። የቲ50-6 ኤኤል 40 ስለሆነ ለዚያው 1.4 ማይክሮሄንሪ 19 ዙር ይፈልጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል አያስቸግርም።

ኦሲሌተር ለሚሠራ ግን ነገሩ ይለያል። የቀዩ ኢንዳክታንስ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሊዮን 95 ያህል ይጨምራል፤ የቢጫው 35 ብቻ። በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኦሲሌተር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በኮሩ ምክንያት ብቻ በቀዩ ከ3 ኪሎኸርዝ በላይ ይንሸራተታል። በቢጫው 1.2 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። እያዋራችሁት ያለው ሰው ከጆሯችሁ ሲሸሽ ታውቁታላችሁ። ለኦሲሌተር ያለ ጥርጥር ቢጫውን።

ከፌራይት ሚክሶች 43፣ 61 ወይስ 31?

ጫፉ ላይ ለሚመገብ የግማሽ ሞገድ ሽቦ አንቴና ብዙ ሰው የሚሠራው 49 ለ1 ትራንስፎርመር ነው፤ 2 ዙር በአንድ በኩል፣ 14 በሌላው። ኤፍቲ240-43 ላይ 2 ዙር 4.3 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል። ለከረንቱ ያለው ተቃውሞ በ3.5 ሜጋኸርዝ 95 ኦም ያህል ነው፤ ለ50 ኦም ገመድ ይበቃል። ያንኑ 2 ዙር ኤፍቲ240-61 ላይ ብታደርጉት 15 ኦም ነው። ሾርት ለማለት ይቀርባል። 61 መጥፎ ኮር ሆኖ አይደለም፤ ብክነቱ ትንሽ ነው፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲና በቂ ዙር ሲያገኝ ጎበዝ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

43 የራሱ ድካም አለው። ረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይል ካስተላለፋችሁ ይሞቃል፤ 130 ዲግሪ ካለፈ መግነጢሳዊ ባህሪውን ሊያጣ ይችላል። ዲጂታል ሞድ (በኮምፒውተር መልእክት መላላክ) የምትወዱ ሁለት ኮር ደርባችሁ ጠምጥሙ።

ለቾክ፣ በተለይ ለ80 ሜትር (3.5 ሜጋኸርዝ) እና ለ40 ሜትር፣ 31 ግዙ። ቾክ ላይ ብክነት ጥቅም ነው፤ በገመዱ ውጭ የሚመጣውን ያልተፈለገ ከረንት የሚያፍነው እሱ ነው። ቲ200-2 ላይ 12 ዙር ኮአክሲያል ገመድ ቢጠመጠም በ3.5 ሜጋኸርዝ 38 ኦም ብቻ ይሰጣል። ኤፍቲ240-31 ላይ ግን ሺዎች ኦም ይገኛል። በቀይ ኮር የተሠራ ቾክ ሲሸጥ ካያችሁ ለ80 ሜትር አትግዙት።

ስትገዙ

ፌራይት የቀለም ምልክት የለውም። 43ም 61ም 31ም ጥቁር ግራጫ ነው። ፌር-ራይት በሚባለው አምራች ቁጥር ላይ ሦስተኛውና አራተኛው አሃዝ ሚክሱን ይነግራል፤ 5943003801 ኤፍቲ240-43 ነው፣ 2631803802 ደግሞ ኤፍቲ240-31። ሻጩ ሚክሱን ካልጻፈ እለፉት።

እቤት ምልክት የሌለው ቀለበት ካለ 10 ዙር ጠምጥማችሁ በኤልሲ ሜትር (የኢንዳክታንስ መለኪያ) ወይም በናኖቪኤንኤ (ትንሽ የአንቴናና የሰርኪዩት መለኪያ) ለኩት። በግማሽ ኢንች መጠን ቀዩ 0.49 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል፣ ትክክለኛው ቢጫ 0.4፣ የእኔ ዓይነቱ ቢጫና ነጭ 3.3 ገደማ። 61 ፌራይት ወደ 7 ሲጠጋ፣ 43 ከ40 በላይ ይወጣል። ይህን ባውቅ ኖሮ ያ ማጣሪያ ባልፋጀኝ ነበር።

ለመጀመሪያ ግዢ እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቲ50-2 እና ቲ50-6 አሥር አሥር፣ ኤፍቲ50-43 አምስት፣ ኤፍቲ240-43 አንድ፣ ኤፍቲ240-31 ሁለት። ሽቦውን አታስልኩ፤ አዲስ አበባ ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች ዘንድ ይገኛል። ኮሮቹን ከውጭ በሰው ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ ትልልቆቹን ፌራይቶች ለየብቻ በካልሲ አስጠቅልሏቸው። ሲጋጩ እንደ ስኒ ይሰነጠቃሉ።