ስምንት ወር ከቶሎ ተቀያሪው የቱል መያዣ ጋር

አዳማ ያለችው ቶርኖዬ (ክብ ብረት እያሽከረከረች የምትቀርጸው ማሽን) 9 ኢንች ሳውዝ ቤንድ ናት። በጠፍጣፋ ቺንጋ የምትዞር፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ። አብሯት የመጣው የቱል (የመቁረጫው ብረት) መያዣ ያ በአንድ ቡሎን የሚጠብቀው ነበር። ቱሉን ከፍ ዝቅ ለማድረግ ከሥሩ ያለችውን ጀልባ መሳይ ብረት ታዘነብላለህ። ስታዘነብላት ደግሞ የመቁረጫው ማዕዘን አብሮ ይዛባል።

ኅዳር ላይ ቶሎ ተቀያሪውን ገዛሁ። መጠኑ ኤኤክስኤ የሚባለው፣ ለትናንሽ ቶርኖ የሚሆነው ነው፤ በሽብልቅ የሚጠብቅ ዓይነት። በፒስተን የሚገፋው ይረክሳል። ሽብልቁ ግን ቱሉን አውጥተህ ስትመልሰው የበለጠ እዚያው ቦታው ላይ ያስቀምጥልሃል።

ከጥፋቴ ልጀምር። ዕቃውን ለማሰር ከሥር ማሽኑ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ የሚገባው ብረት ጥሬውን ነው የሚመጣው፤ በማሽንህ ልክ አንተ ትሠራዋለህ። ሁለት ቀን ሙሉ በሊማ ሞረድኩት። የቡሎኑን ጥርስ ግን እስከ ታች ድረስ አወጣሁለት። ሳጠብቀው ቡሎኑ በታች በኩል ወጥቶ የቦዩን ወለል ገፋ። «ቀጭ!» አለ። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) መቼ ይታጠፋል! የቦዩ ከንፈር ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ። በነሐስ አስበየድኩት፤ እስካሁን ይዟል። እናንተ የታችኛዋን ጥርስ መትታችሁ አበላሿት፣ ቡሎኑ እዚያው ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ ግን ተገላገልኩ። የወፍጮ ዘንግ ሲመጣ መላጊያውን አውጥቼ የጥርስ ማውጫውን እስክከት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ቱል የራሱ ትንሽ መያዣ ስላለው ከፍታውን አንዴ ነው የማስተካክለው። ቀጭን የብረት ማስመሪያ በክቡ ብረትና በቱሉ ጫፍ መሀል ቀስ አድርጌ አጣብቃለሁ። አናቷ ወደ እኔ ካዘመመች ቱሉ ዝቅ ብሏል። ቀጥ ብላ ከቆመች አለቀ።

የማይመቸኝ አቧራው ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ትንሹ መያዣ የሚንሸራተትበት ጥግ ላይ አቧራና ፍቅፋቂ ከተጠራቀመ በደንብ አይቀመጥም። ስለዚህ የጥርስ ብሩሽ አጠገቡ አንጠልጥዬለታለሁ። ሌላው፣ አብረውት የመጡት ትናንሽ መያዣዎች አምስት ብቻ ናቸው። አይበቁም፣ ተጨማሪው ደግሞ ውድ ነው።

ብረት በጥሼ ስቆርጥ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። አዲሱን ዕቃ ስረግም ጎረቤቴ ጋሼ ሰምተው፣ «አንተ ልጅ፣ ዕቃው ምን አደረገህ? የላላው ማሽንህ ነው» አሉኝ። የተንሸራታቹን ማጥበቂያ ቪቴዎች ብነካካቸው ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ።

አሮጌውን መያዣ ግን አልጣልኩትም። የሚቀረጸውን ብረት የሚይዘው ቻክ አጠገብ ጠባብ ቦታ ሲያጋጥመኝ አሁንም እሱን ነው የማወጣው።