የተራራ ጉዞ ላማራት ጓደኛ ስጦታ፤ ጫማው ጥሩ፣ መኪናው ጉድ

አብሮ አደጌ ጎንደር ተወልዳ ጎንደር ያደገች ናት፤ የስሜን ተራሮችን ግን የምታውቀው በፎቶ ነው። ሰሞኑን የእግር ጉዞ ነገር ልቧን ሰቅሎታል። እኔም ለበዓል ስገባ ጫማ፣ ጋቢ እና አንድ ቀን ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ልጋብዛት ወሰንኩ።

ጫማ ከውጭ አትሸከሙ። የሰው እግር በቁጥር ብቻ አይታወቅም። ገበያ ወጥተን ልባሽ ተራ ገባንና ወፍራም ካልሲ አድርጋ ለካች። ሶሉ ያልተበላ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ አገኘን። ቁልቁለት ላይ አውራ ጣት እንዳይገጭ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ሻጩ ክሩን በአዲስ ቀይሮ ሰጠን። እኔ ባለሁበት አገር አዲሱ ስንት እንደሚሸጥ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። የጋቢዋ ሴትዮም የዲያስፖራ ዋጋ ስጠብቅ ለጓደኛዬ የነገረቻትን ለእኔም ነገረችኝ፤ እድሜ ይስጣት። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

አሁን ወደ መኪናው። አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ «መኪናው፣ ነዳጁ፣ የፓርኩ መግቢያ፣ ስካውቱ፣ ምሳው፣ ሁሉም በውስጡ ነው፣ አታስቢ» ብሎ (ስካውት የሚሉት አብሮ የሚሄደውን የፓርኩን ታጣቂ ጠባቂ ነው) ግማሹን ቀብድ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስለው ከደብተር ቀዶ ጻፈልኝ። ቀጠሮው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ቆሏችንን በፌስታል ይዘን በር ላይ ቆምን። 12 ሆነ፣ «መንገድ ላይ ነኝ»። 1 ሆነ፣ «ደርሻለሁ»። መኪናው 2 ተኩል ላይ መጣ፣ ያውም ጋቢና ውስጥ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው። እኔ የከፈልኩት ለሙሉ መኪና! ሹፌሩ «እስከ ዳባት ብቻ ናቸው» ይለኛል፣ እኔ ምን አገባኝ? አምባ ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ የነዳጅ ጨምሩ አለ። 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ስንነታረክ ደባርቅ ደረስን። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስንገባ በስማችን አንድም ብር አልተከፈለም። ሰውየው በስልክ «አሁን እልካለሁ» እያለ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ሆነ። በቃ፣ ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ፤ ፓስፖርቴ የውጭ ስለሆነ ደግሞ የእኔ መግቢያ ከእሷ ይበልጣል። ምሳ የተባለውም ቆሏችን ሆነ። እኔ ባለሁበት ቢሆን ለባንኬ ደውዬ ገንዘቤን አስመልስ ነበር፤ እዚህ የብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ ይዤ ለማን አቤት ልበል?

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ግን ሳያንገላቱ ደረሰኝ ቆርጠው ሸኙን። ስካውቱማ ሌላ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ፣ በፕላስቲክ ጫማ ዳገቱን ሲወጣው ጓደኛዬ የራሷን ጫማ አየት አድርጋ ዝም አለች። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጣ አልነሳም አለችን። በመኪናው ጣጣ ሰዓቱ ስላለቀ የጂንባርን ፏፏቴ ሳናይ ተመለስን፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ መኪናውን ለብቻው ተዋዋሉ፣ የፓርኩን ደባርቅ ላይ ራሳችሁ ክፈሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ቀብድ ግድ ከሆነም ለነዳጅ ያህል ብቻ ስጡ።

ጓደኛዬ አሁን እዚያው ፓርክ ውስጥ ቼነክ ካላደርኩ ትላለች፣ ዋልያ እዚያ ይታያል ተብላ። ስሊፒንግ ባግ በሰው እልክላታለሁ። የዚያ አስጎብኚ ነኝ ባይ ስልክ ግን ይጠራል፣ አይነሳም።